«የት» እያለ «መቼ» ሲጠፋ

ስለ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተወራ ቁጥር አንድ አስተያየት አይቀርም፤ «ፊልሙ አሪፍ ነው፣ ግን ግራ ያጋባል።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ፊልም የማያውቁ አይደሉም። ብዙዎቹ ክሪስቶፈር ኖላንን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ያዩ፣ ሕልም ውስጥ ያለ ሕልም ውስጥ ያለ ሕልም የማይከብዳቸው ልጆች ናቸው። አንበርብር ከጣና ዳር ተነስቶ ድንገት ጀርመን ውስጥ ሲገኝ ግን «ቆይ ቆይ፣ ይሄ መቼ ነው?» ይላሉ። እኔ ደግሞ የፊልሙ ትልቁ ሥራ እሷ ጥያቄ ናት ባይ ነኝ። አንበርብርም የሚጠይቀው እሷኑ ነው።

ክርክሩን ዛሬ የማነሳው በምክንያት ነው። ፊልም የምናይበት መንገድ ተለውጧል። ስልኬን ስከፍት የሁለት ሰዓት ፊልም በአስር ደቂቃ ጠቅልሎ በአማርኛ የሚተርክልኝ ድምፅ አላጣም። ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሰው እናያለን፣ ይህ ሰው እንዲህ ሆነ፣ ከዚያ እንዲህ አደረገ፣ አለቀ። አልንቃቸውም። እኔም አያለሁ፣ በተለይ ምሳ ስበላ። እንግሊዝኛው የማይገባው ሰው፣ የሁለት ሰዓት ፊልም ለማውረድ ዳታ የማይበቃው ሰው በእነሱ በኩል ብዙ ነገር አይቷል። ነገር ግን «ፊልሙን አይቼዋለሁ» የሚለው አነጋገር ወደ እነዚህ ትረካዎች መሻገር ሲጀምር፣ እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብን። ታሪኩን ሰምቶ ፊልሙን አለማየት ይቻላል። ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ለማሳየት ደግሞ ከ«ጤዛ» የተሻለ ፊልም አላውቅም።

በትምህርት ቤት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ «መቼት» የሚባል ቃል ተምረናል። «መቼ» እና «የት» ተዋህደው የወለዱት ቃል ነው። ፈተና ላይ «የልብ ወለዱ መቼት የት ነው?» ይባላል፣ አንድ መስመር እንጽፋለን፣ ሁለት ማርክ እናገኛለን፣ እናልፋለን። ቃሉን የፈጠሩት ሰዎች ስለ አንጎል እያሰቡ እንዳልነበር እገምታለሁ። ቢሆንም ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ማሰራቸው እንዴት ያለ ትክክለኛ ነገር እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ዓይን ትንሽ ላውራ።

እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ግራ ዓይናችሁን እዩ። ከዚያ ቀኙን። ከዚያ መልሳችሁ ግራውን። ዓይናችሁ ሲንቀሳቀስ በፍጹም አታዩትም። አጠገባችሁ የቆመ ሰው ግን ወዲያና ወዲህ ሲል በደንብ ያየዋል። (በስልክ የፊት ካሜራ ብትሞክሩት ልትይዙት ትችላላችሁ፤ የስልኩ ምስል ለትንሽ ቅጽበት ዘግይቶ ስለሚደርስ።) ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል። በየዝላዩ መሐል የሚመጣውን የተንሻፈፈ ምስል አንጎላችን ያፍነዋል። ጥርት አድርገን የምናየው ደግሞ ክንዳችንን ዘርግተን የአውራ ጣታችንን ጥፍር የሚያህል ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ብዥታ ነው። ይህ ሁሉ ዝላይና ብዥታ እያለ ዓለም ግን ወጥ ሆና፣ ሳትቋረጥ፣ ረግታ ትታየናለች። ማለትም ገና ሲኒማ ቤት ሳንገባ አንጎላችን ኤዲተር ነው። ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ስፌቱን ይደብቃል።

ይህ ቅጥያ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን የምታሳይ አንዲት ሴት አለች። በሕክምና ጽሑፎች የምትታወቀው በስሟ መነሻ ፊደላት፣ ኤል.ኤም. ተብላ ነው። ሙኒክ ውስጥ ዮሴፍ ዚል እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ እሷ ጽፈዋል (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በአንጎሏ የኋለኛ ክፍል፣ በሁለቱም ወገን ጉዳት ደርሶባት ነበር። ቀለም ታያለች፣ ቅርጽ ታያለች፣ ሰው ትለያለች። እንቅስቃሴ ግን የለም። ሻይ ስትቀዳ ፈሳሹ በአየር ላይ የረጋ በረዶ ይመስላታል። ጽዋው ሲሞላ ከፍ እያለ መምጣቱን ስለማታይ መቼ ማቆም እንዳለባት አታውቅም። እዚያ ጥግ የነበረ ሰው ድንገት እዚህ ይሆንባታል፤ ሲመጣ አላየችውም። መንገድ ማቋረጥማ አይታሰብም፤ ሩቅ የነበረችው መኪና በሚቀጥለው ቅጽበት አፍንጫዋ ስር ናት። ይህቺ ሴት የጎደላት የማየት አቅም አይመስለኝም። የጎደላት በዓይን የሚታይ ጊዜ ነው። «የት» በሙሉ አላት፤ አሁን እዚህ፣ አሁን እዚያ። ከአንዱ የት ወደ ሌላው የት የሚወስደው ድልድይ ነው የፈረሰባት።

ሲኒማ ይህንን ድልድይ በትውስት የሚጠቀም ጥበብ ነው። በሰከንድ 24 የቆሙ ፎቶዎች ያሳየናል፤ እንቅስቃሴውን የምንጨምረው እኛ ነን። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙም የማይወራው ግን ድልድዩ አንድ አለመሆኑ ነው።

ዩሪ ሃሰን የሚባል የአንጎል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2008 ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል የምለው ነው። ሰዎችን አንጎል በሚያነብ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ድምፅ አልባ የድሮ ፊልሞች አሳዩዋቸው። አንዴ እንዳለ። አንዴ ከኋላ ወደ ፊት። አንዴ ደግሞ ቆራርጠው፣ ቅደም ተከተሉን በዘፈቀደ አማስለው። ቁርጥራጮቹም እኩል አልነበሩም፤ የ4 ሰከንድ አካባቢ አሉ፣ የ12 አሉ፣ የ36 አሉ። ከዚያ የትኛው የአንጎል ክፍል ምን እንደሆነ ተመለከቱ።

ምስል መጀመሪያ የሚደርስበት፣ ከማጅራታችን በላይ ያለው የዕይታ ክፍል፣ ቅደም ተከተሉ ግድ አልሰጠውም። ብትቆርጠው፣ ብትገለብጠው፣ እያንዳንዷ ቅጽበት ስትመጣ ለቅጽበቷ የሚሰጠውን ምላሽ ይሰጣል፣ በቃ። ከዚያ ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍሎች ስንሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዳንዶቹ ወጥ ምላሽ የሚሰጡት ከፊታቸው ብዙ ሰከንድ ያህል ያልተቆራረጠ ነገር ካለፈ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አጭር ቁራጭ ከሰጧቸው፣ እንዴት ልበላችሁ፣ የሚይዙት ያጣሉ። ፊልሞቹ ድምፅ አልባ በመሆናቸው ይህ የቋንቋ ጉዳይ ነው ማለትም አይቻልም። ዓይን ራሱ፣ በየደረጃው፣ የተለያየ ርዝመት ያለው ትዝታ ይዞ ነው የሚያየው። አንዱ የአንጎል ክፍል ባለ አንድ ሰከንድ መስኮት፣ ሌላው ባለ አንድ ደቂቃ መስኮት አለው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን የአስር ደቂቃ ትረካ ሌላ ዓይነት ማየት ጀመርኩ። እዚያ ውስጥ አንድ ሾት ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አይቆይም። ሾቶቹ ከራሱ ከፊልሙ የተወሰዱ ናቸው፤ ያው ምስል፣ ያው ቀለም፣ ያው ፊት። አጭር መስኮት ላለው ክፍል በቂ ምግብ ነው። ረጅም መስኮት ላለው ግን የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው፤ ቦታውን ሞልቶ የሚይዝለት የተራኪው ድምፅ ነው። ታሪኩን የምንረዳው ሰምተን ነው ማለት ነው፤ ምስሉ የግድግዳ ወረቀት ሆኗል። ተመራማሪዎቹ የቴሌግራምና የቲክቶክ ትረካ አላጠኑም፤ ይህን ግንኙነት የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ተጠያቂውም እኔው።

አሁን ግን እዚህ ያደረሰኝን መንገድ ራሴው ልቃወመው። ቅደም ተከተል ሲማሰል የላይኛው የአንጎል ክፍል የሚጠፋበት ከሆነ፣ «ጤዛ»ስ? ኃይሌ ገሪማ ራሱ ፊልሙን አማስሎት የለም እንዴ? 1990 ላይ ነን ስንል የተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን፣ ጀርመን ነን ስንል የደርግ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ልጅነት። «ግራ ያጋባል» የሚሉት ሰዎች በሳይንስ ተደገፉ ማለት አይደለም ወይ?

አይደለም። ምክንያቱም ጥያቄው ተቆርጧል ወይ ሳይሆን በምን ርዝመት ተቆርጧል፣ ምንስ ሳይቆረጥ ቀርቷል ነው።

«ጤዛ»ን ላላያችሁ ባጭሩ፦ በ2008 የወጣ፣ በዚያው ዓመት ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት የወሰደ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የዋጋዱጉው ፌስፓኮ ላይ ትልቁን ሽልማት የበላ ፊልም ነው። አንበርብር ከብዙ ዓመት በኋላ ጣና አጠገብ ወዳለው መንደሩ፣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። አንድ እግሩ የለም። እንዴት እንዳጣው አያስታውስም። ጦርነት ላይ ነን፤ ወታደሮች ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን እያፈሱ ወደ ግንባር ይወስዳሉ፣ ልጆቹ ዋሻ ይደበቃሉ። እናቱ ልጄን ምን ነካብኝ ብላ ጸበል ለጸበል ትዞራለች። እሱ ደግሞ ያ ቀን ምን እንደሆነ በቁርጥራጭ ይመጣበታል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ኃይሌ ወደ መንደሩ በተመለሰ ቁጥር አይቸኩልም። ሐይቁን ያሳየናል፤ ደግሞ ያሳየናል። የእናቱን ቤት፣ እሳቱን፣ በእሳቱ ዙሪያ ማን የት እንደሚቀመጥ እስክናውቅ ድረስ ይቆያል። ወደ ዋሻው የሚወስደውን አቀበት እንወጣለን። ፊልሙ አንድ ሰዓት ሲሞላው ያቺን መንደር እኔ ራሴ መሄድ እችላለሁ፤ ቤቱ እዚህ፣ ሐይቁ ወዲያ። ይህ እንዲያው ለውበት የተደረገ አይደለም። ለሚመጣው ዝላይ ሁሉ መሬት እያዘጋጀልን ነው። ጊዜው ሲበታተን የሚይዘን ቦታው ነው።

እዚህ ላይ ነው «መቼት» የሚመለሰው።

አንጎላችን ውስጥ፣ ከጆሯችን በስተውስጥ በኩል፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። በ1971 ጆን ኦኪፍ አይጥ ላይ ሲመራመር አንድ ነገር አገኘ፦ አይጡ የክፍሉ አንድ ጥግ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚተኩስ ሴል አለ። ሌላ ጥግ፣ ሌላ ሴል። በ2005 ሜይ ብሪት ሞዘር እና ኤድቫርድ ሞዘር ከዚያው አጠገብ መሬቱን እንደ ማር እንጀራ በእኩል ርቀት የሚከፋፍሉ ሴሎች አገኙ። ሦስቱም በ2014 ኖቤል ተሸለሙ። «የት» የሚለው ጥያቄ አንጎል ውስጥ ቤት አለው ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ያው ሂፖካምፐስ ቀድሞ የታወቀው በሌላ ነገር ነው። ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1953 ለሚጥል በሽታው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ይህ ክፍል በሁለቱም ወገን አብዛኛው ወጣለት። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ የሚደርስበትን አዲስ ነገር መያዝ አልቻለም። አሁን ያነጋገረውን ሰው ሰውየው ወጥቶ ሲመለስ አያስታውሰውም። «መቼ» የሚባለው ነገር ለእሱ ቆሟል። ከዚያ በ2011 ሃዋርድ አይከንባም እና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ጨመሩበት፤ በዚያው ሂፖካምፐስ ውስጥ አይጧ በምትጠብቅበት ባዶ ጊዜ የተለያዩ ሴሎች በየተራ፣ አንዱ መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ ትንሽ ቆይቶ፣ አንዱ መጨረሻ አካባቢ ይተኩሳሉ። የቦታው ካርታ ያለበት ክፍል ሰዓትም አለበት።

መቼ እና የት፣ ባንድ ጎጆ። የአማርኛ መምህሮቻችን ሁለት ማርክ የሰጡት ቃል።

ከዚህ ተነስቼ «ጤዛ» ጥሩ ፊልም መሆኑን ሳይንስ አረጋገጠ ልላችሁ አይደለም። ሳይንስ እንደዚያ አይሠራም፤ ሒስም ላቦራቶሪ ገብቶ ማኅተም አይለምንም። ማለት የምፈልገው ኃይሌ ያደረገውን ነገር በትክክል ለመሰየም ቃል አገኘሁ ነው። «የት»ን ሰጥቶ «መቼ»ን ነሳን። አብረው የሚኖሩትን ሁለት ነገሮች ለያያቸው። ስለዚህ የሚሰማን ነገር ተራ ግራ መጋባት አይደለም። የት እንዳለን እናውቃለን፣ እሳቱ ይሞቀናል፣ መቼ እንደሆነ ግን አናውቅም። ያ ስሜት የአንበርብር ሕመም ነው፤ ፊልሙ ስለ ሕመሙ አይነግረንም፣ ያካፍለናል። ተራ ምልሰት የሚጠቀም ዳይሬክተር «ከአስር ዓመት በፊት» ብሎ ጽፎ ይገላግለን ነበር።

«በፊት» ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አማርኛችን ጊዜን የሚያስቀምጥበት መንገድ ደስ የሚል ዝብርቅ አለው። ያለፈው ነገር «በፊት» ነው፤ ፊት ላይ፣ ዓይናችን የሚያየው በኩል። ገና የሚመጣው «በኋላ» ነው፤ ከጀርባችን፣ የማይታይ። እሺ ብለን ተቀበልን። ከዚያ ደግሞ ያው ቋንቋ የሚመጣውን ጊዜ «ወደፊት» ይለዋል! ያው ፊት። በአንዲስ ተራሮች የሚነገረው አይማራ የሚባለው ቋንቋ ያለፈውን ከፊት ያስቀምጣል፤ ተናጋሪዎቹም ስለ ድሮ ሲያወሩ እጃቸውን ወደ ፊታቸው እንደሚዘረጉ ራፋኤል ኑኜስ እና ኢቭ ስዊትሰር በ2006 ጽፈዋል። እኛ ግን ሁለቱንም ይዘናል። ቆመን ስናስብ ያለፈው ፊታችን ነው፤ መራመድ ስንጀምር የሚመጣው ፊታችን ይሆናል። አንበርብር የቆመ ሰው ነው። በፊት የሆነው ነገር ፊቱ ላይ ተገትሮ አላሳልፍ ብሎታል፤ «ወደፊት» ቢል የሚጋጨው ከ«በፊት» ጋር ነው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ፊልሙ ቃሉን አያነሳም። ግን በአማርኛ የማይ ሰው ነኝና ሌላ ማየት አልችልም።

እንግዲህ እንዲህ ካሞገስኩት በዚያው ሚዛን ልውቀሰው። የጀርመኑ ክፍል አይዘኝም። ተማሪዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይፈክራሉ። የት ነው ያሉት? ክፍል ውስጥ። የትኛው ክፍል? አላውቅም፤ ማንኛውም ክፍል ሊሆን ይችላል። መንደሩን በዓይኔ ሄጄ የማውቀውን ያህል ያንን የጀርመን ቤት አላውቀውም፤ በሩ በየት እንደሆነ እንኳ ንገር ብባል አልችልም። ቦታው ስለማይዘኝ ፊልሙ የሚይዘኝ በንግግር ነው፤ ንግግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰው አፍ የወጣ ሳይሆን ከበራሪ ወረቀት የተነበበ ይመስላል። በትክክል ያ የስልክ ትረካው ችግር ነው፤ ምስሉ ቆሞ ድምፁ ይሠራል። አንዳንድ ወዳጆቼ «ስደት እንደዚያ ነው፣ መልክዓ ምድር የለውም፣ ያ ትውልድም የኖረው መፈክር ውስጥ ነበር» ብለው ይሟገቱለታል። ግማሹን እቀበላለሁ። ግማሹን ግን አልቀበልም፤ ባዶ ክፍልም ቢሆን ባዶነቱ እንዲታወቀን ጊዜ ይፈልጋል። ኃይሌ ለሐይቁ የሰጠውን ደቂቃ ለዚያ ክፍል አልሰጠውም።

ይህን የምለው ሰውየው ቦታን ብቻ ይዞ ፊልም መሸከም እንደሚችል ስለማውቅ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እዩ። በ1976 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የባላባት መሬት ላይ ስለሚለፋ ገበሬ ቤተሰብ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው ከኮረብታው ማዶ ብቅ ይላል፤ ነጥብ ነው። ካሜራው አይጠጋም። ነጥቧ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ሰው ትሆናለች። ዛሬ አይተን «ወይ መቆየት!» እንላለን፣ ጣታችን ምስሉን ማሳለፍ ያምረዋል። ግን ያ ገበሬ ወደ ሥራ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ያ ነው። መንገዱ ሲቆረጥ የሚቆረጠው የእሱ ጉልበት ነው፤ ሦስት ሺህ ዓመት የሚለው ርዕስም መፈክር ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ኤል.ኤም. ያጣችው ያቺን ነው፤ ነጥቧ ሰው የምትሆንበትን መንገድ። እኛ ጤነኞቹ ደግሞ በፈቃዳችን እየዘለልነው ነው።

ደግሞ አታጋን እንዳትሉኝ። ረጅም ሾት ሁሉ ጥሩ ነው፣ አጭር ቁርጥ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። አንጎል ራሱ ይቆርጣል። ጄፍሪ ዛክስ እና ባልደረቦቹ በ2001 ሰዎች አልጋ ሲነጠፍ፣ ዕቃ ሲታጠብ የሚያሳይ ተራ ፊልም ዝም ብለው እንዲያዩ አድርገው፣ አንዱ ድርጊት አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቅጽበት የአንጎላቸው እንቅስቃሴ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ማንም «አሁን ክፈሉት» ሳይላቸው። ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪም አያስፈልገንም፤ ቡና ሲፈላ ያየ ሰው ያውቀዋል። ማጠቡ የት እንዳለቀ፣ መቁላቱ የት እንደጀመረ፣ ጭሱ ዞሮ መውቀጡ መቼ እንደገባ፣ አቦል ከቶና የት እንደተለየ ማንም አይነግረንም፤ ዓይናችን ራሱ ድንበር ያበጃል። ጎበዝ ኤዲተር የሚቆርጠው እነዚያ ድንበሮች ላይ ነው፤ ስፌቱም የማይታየን ለዚህ ነው። ኃይሌ አንዳንዴ ሆን ብሎ ድንበሩ ሳይደርስ ይቆርጣል። እናትየው ገና እያወራች፣ ሌላ አገር። መቁላቱ ሳያልቅ ምጣዱን መንጠቅ ነው። የዚያኔ ስፌቱ ይታያል፣ ያማል፣ ተመልካቹም «መቼ ነው ይሄ?» ብሎ ይነቃል። ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን የማውቀው መንደሩ ውስጥ ድንበር ጠብቆ መቁረጥ እንደሚችል ስላሳየን ነው።

እስቲ አሁን ፊልሙን ለትረካ እንስጠው። እንዲህ ይሆናል፦ አንበርብር የሚባል ወጣት ሕክምና ለመማር ወደ ጀርመን ይሄዳል። እዚያ ከአገሩ ልጆች ጋር ፖለቲካ ውስጥ ይገባል። አብዮቱ ሲፈነዳ ጓደኛው ተስፋዬ ወደ አገር ይመለሳል፣ በኋላም እሱ ይከተለዋል። ደርግ ያሰቡትን አገር አልሆነላቸውም፣ ጓደኛውን ይገድሉበታል። እሱን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይልኩታል፣ እዚያ ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው ከመስኮት ይወረውሩታል፣ እግሩን ያጣል። ወደ እናቱ ይመለሳል። አመሰግናለሁ፣ ሰብስክራይብ ማድረግ አትርሱ።

አንድም ስህተት የለበትም። የጊዜ ቅደም ተከተሉ ከፊልሙ ይልቅ ግልጽ ነው። «መቼ»ው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ተራኪው ለእኛ አዝኖ አንበርብርን አዳነው፤ ሕመምተኛው ያጣውን ማስታወስ መጀመሪያ ላይ ቁጭ አደረገለት። የሚያስታውስ አንበርብር ግን ሌላ ሰው ነው። ስለ እሱ ፊልም ቢሠራ ስለ አንድ ምሁር ዕድል ማጣት የሚያወራ ፊልም ይሆናል። እንደዚያ ዓይነት ፊልም አለን፣ ልብ ወለዱም ሞልቷል። የአንድ ትውልድ ትዝታ መቼነቱን አጥቶ የትነቱ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ግን ከዚህ ሌላ አላየሁም። ስለዚያ ዘመን ቤታችን ውስጥ የሰማነውን አስቡት። እዚህ ጋ ነው የያዙት፣ ያ ግድግዳ ስር ነው፣ ያቺ ቤት ነበረች። ቦታው በጣት ይጠቆማል። መቼ ስንል፣ ከየትኛው በፊት ስንል፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ ስንል፣ ሽማግሌዎቹ ወይ ይጣላሉ ወይ ዝም ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ በጣት ብቻ የሚታወቁ ስንት ማዕዘኖች አሉ!

የእግሩ ነገርም እንደዚያው ነው። በትረካው ውስጥ እግሩ የሚጠፋው ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ «እግሩን ያጣል»፣ እናዝናለን፣ እናልፋለን። በፊልሙ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው የለም። ሰውየው ወደ እናቱ ቤት ሲገባ ይጎድላል፣ አቀበቱን ሲወጣ ይጎድላል፣ ጸበል ሲወስዱት ይጎድላል። ከዚያ ጀርመን ስንመለስ፣ ወጣቱ አንበርብር ሲጨፍር፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ሁለት እግር አለው። ይህን ማንም አይነግረንም፤ ዓይናችን ራሱ ይቆጥራል። ሁለት እግር ካለው ድሮ ነው፣ አንድ ከሆነ አሁን ነው። ኃይሌ ቀኑን ስክሪን ላይ ሳይጽፍ የሰውየውን ገላ የቀን መቁጠሪያ አድርጎታል። እና ያ የምሥራቅ ጀርመን ትዕይንት ሲመጣ፣ ልጆቹ ሲከቡት፣ ትኩረቴ መሆን የነበረበት ፊታቸው ላይ፣ ከዚያም መስኮቱ ላይ ነበር። ዓይኔ ግን ወደ ታች ነው የወረደው። እግሩ ገና አለ።